ሚዛኑ ሲቀንስ እግሬም አብሮ ቀነሰ

ካቻምና በሁዳዴ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ቆምኩ። ደክሞኝ ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ አይደለም የቆምኩት፣ እግሬ እምቢ አለኝ በቃ። ከዛ በፊት ያንን ዳገት ቢያንስ ሰላሳ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፣ ዝግ ብዬም ቢሆን ሳላቋርጥ። የዛን ቀን ግን ጉልበቴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆነ፣ ቀኝ ቅልጥሜ ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ "ይተወኛል" እያልኩ ያለፍኩት ህመም ነበረኝ። አንዲት እናት ከላይ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ አዩኝና "ልጄ አመመሽ እንዴ? ፊትሽ እኮ ነጥቷል" አሉኝ። እሳቸው ያንን ሁሉ እንጨት ተሸክመው ለኔ አዘኑልኝ። እዛው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር የዛን ቀን ጠዋት ደስተኛ ነበርኩ። ሚዛን ላይ ወጥቼ 68 ኪሎ አይቼ ነበራ። ሁዳዴ ሲገባ 74 ነበርኩ፣ ስድስት ኪሎ በአንድ ወር ማለት ነው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ66 ነው እና 66 ኪሎ ስገባ "ሯጭ እመስላለሁ" የሚል ሀሳብ ነበረኝ። ያኔ ልምምድ የሚያሰራን ሰውዬም "ስምንት ኪሎ ብትጥይ እኮ ትበሪያለሽ" ብሎኝ ነበር። በክፋት አላለውም፣ ግን እንዴት እንደምጥለው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ስጋ የለ ወተት የለ እንቁላል የለ፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም፣ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ 10 ወይ 12 ኪሎ ሜትር ሮጬ ቢሮ እገባለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ ትንሽ በያይነቱ፣ ማታ ሻይ በዳቦ ወይ ምንም። ቅዳሜና እሁድ የሰዓት ጾም እንደሌለ እያወቅኩ እነሱንም ቀኖች ጨምሬ ሳልበላ እውላለሁ። ከሰው ፊት ጾም ነው፣ ውስጤ ግን ሌላ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ተኩል ሲወርድ ተዓምር መስሎኝ ነበር። አሁን ምን እንደነበር አውቃለሁ። ሰውነታችን ከምንበላው እንጀራና ዳቦ የሚያገኘውን ስኳር ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጣል፣ በድምሩ 500 ግራም ገደማ ይሆናል፣ እና እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ አብሮ ይይዛል። መብላት ስታቆሙና ስትሮጡ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው፣ ከሱ ጋር ውሃው ይወጣል፣ ሚዛኑ ይወርዳል፣ ስቡ ግን እንዳለ ነው። እኔ በውሃ መቀነስ እየተደሰትኩ የነዳጅ ታንኬን ባዶ እያረግኩ ነበር።

ከዛ በኋላ የመጡትን ነገሮች አንድ በአንድ እንጂ በአንድነት አላየኋቸውም። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነበር፣ ሻምፑው ነው አልኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ የስራ ጭንቀት ነው አልኩ። ሰው ሁሉ በቲሸርት እኔ በሹራብ። የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀረ፣ እውነቱን ልንገራችሁ እሱን እንደ እረፍት ነው የቆጠርኩት፣ ሩጫ የሚያበዙ ሴቶች እንደዚ ይሆናሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር እንደውም ጠንካራ የሆንኩ መሰለኝ። እማዬ ብቻ ነች ቶሎ የገባት። እሁድ ስሄድ በር ላይ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ "ምነው እንዲህ መነመንሽ፣ የምትደብቂኝ ነገር አለ?" ስትለኝ ተናደድኩባት። በኛ ሀገር ከሳሽ ማለት ጭንቀት ነው፣ ወፈርሽ ማለት ደግሞ ተመቸሽ ማለት ነው፣ የድሮ ሰው አስተሳሰብ ነው ብዬ ናቅኩት። እናቴ ግን ያየችው ኪሎዬን አልነበረም።

ለቅልጥሜ መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ማስታገሻ ሰጥተው "ሩጫውን ተይው ለሴት ልጅ ይከብዳል" ብለው ሸኙኝ። ሁለተኛ ያየችኝ ዶክተር ግን እግሬን ከመንካቷ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ። በቀን ምን ትበያለሽ፣ የወር አበባሽስ ይመጣል? እኔ የመጣሁት ለእግሬ ነው ብዬ ግራ ገባኝ። ኤምአርአይ ስነሳ ቅልጥሜ ላይ ስትሬስ ፍራክቸር ጀምሮ ነበር፣ ማለት አጥንቱ በድግግሞሽ ብዛት መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ስምንት ሳምንት ሩጫ የለም። ልሮጠው የነበረው ግማሽ ማራቶንም ቀረ።

እሷ ነች ሬድ ኤስ የሚባለውን ነገር የነገረችኝ። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ስም ነው፣ በ2018ና በ2023 ደግሞ አሻሽለውታል፣ በቀላሉ ስፖርተኛው ለሚሰራው ስራ የሚበቃ ምግብ ሳይበላ ሲቀር ሰውነቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ማለት ነው። ወንዶችንም ይይዛል፣ በነሱ የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል፣ የወሲብ ስሜት ይጠፋል፣ ግን እንደኛ በየወሩ የሚያሳያቸው ምልክት ስለሌላቸው የሚያውቁት ዘግይተው ነው። ዶክተሯ ወረቀት አውጥታ የሰራችልኝን ሂሳብ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ከስብ ውጪ ያለው ክብደቴ 50 ኪሎ ገደማ ነው። ለሩጫ የወጣው ተቀንሶ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለአጥንት፣ ለሆርሞን የሚቀረው በእያንዳንዱ ኪሎ ከ30 ካሎሪ በታች ሲሆን አደጋ ነው፣ ስለዚህ ለኔ 1,500 ካሎሪ መቅረት አለበት። አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ በአንድ ኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል፣ እኔ 10 ኪሎ ሜትር ስሮጥ 700 ሄደ። ስለዚህ በትንሹ 2,200 መብላት ነበረብኝ። የምበላውን ስንደምረው 1,400 አይሞላም። ለመኖር የሚቀረኝ 700 ነበር። አንድ ትልቅ ሰው 700 ካሎሪ ይዞ ቢሮ ውሎ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ቤት ሰርቶ፣ አጥንት እንዲጠግን ሲጠበቅበት አስቡት።

ቀጥላ ፕሮቲኑን ደመረችው። 45 ግራም።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ፕሮቲን ሲባል እኔም ጂም ውስጥ ጡንቻ የሚያሳብጡ ልጆች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። እንቅስቃሴ ለማያበዛ ሰው በአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም በቂ ነው ይባላል። ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ሰው ከ1.2 ይጀምራል፣ ክብደት እየቀነሰ ላለ ስፖርተኛ ደግሞ ከ1.6 እስከ 2.4 ድረስ ይመከራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ምግብ ስንቀንስ ሁሉንም እኩል እንቀንሳለን፣ ፕሮቲን ግን ምግብ ሲቀንስ መጨመር ያለበት ነገር ነው። ምክንያቱም ሰውነት የጎደለውን ነዳጅ ከስብ ብቻ አይወስድም፣ ካላስከበራችሁት ጡንቻውንም ይበላዋል፣ እና የሯጭ ጡንቻ ደግሞ ሞተሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ 40 ወጣት ወንዶችን ለአራት ሳምንት ምግባቸውን 40 በመቶ ቀንሰው በሳምንት 6 ቀን ከባድ ስፖርት አሰሯቸው፣ ግማሾቹ 1.2 ግራም ግማሾቹ 2.4 ግራም ፕሮቲን እየበሉ። ብዙ የበሉት 4.8 ኪሎ ስብ ሲቀንሱ ትንሽ የበሉት 3.5 ቀነሱ፣ እንደውም ብዙ የበሉት ከስብ ውጪ ያለው ክብደታቸው 1.2 ኪሎ ጨመረ። እነሱ ሯጮች አይደሉም፣ ክብደት ማንሳትም ይሰሩ ነበር፣ ስለዚህ እንዳለ ለኔ ይሰራል አልልም፣ ግን ነገሩ ገባኝ። የኔ 45 ግራም በኪሎ 0.7 አይሞላም ነበር። ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው እንኳን አይበቃም።

ታዲያ ይሄን ስሰማ የመጀመሪያ ሀሳቤ ምን ሆነ፣ ጾም ጥፋተኛ ነው። ጓደኞቼም እንደዛ ነው ያሉኝ፣ "ሽሮ በልቶ ማን ይሮጣል፣ ፓውደር ግዢ" አሉኝ። ብዙም ሳልቆይ ግን ይሄ ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። ደረቅ ባቄላ በ100 ግራም 26 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ምስር 24 ገደማ፣ አተር 23 ገደማ፣ ሽምብራ 20 ገደማ። ጤፍ ራሱ ዱቄቱ በ100 ግራም 13 ግራም ገደማ አለው፣ ይሄ ለእህል ትንሽ አይደለም። ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜታዮኒን የሚባል የፕሮቲን ክፍል እህል ያሟላለታል፣ እህል የሚያንሰውን ላይሲን ደግሞ ጥራጥሬ ያሟላለታል፣ ማለት እናቶቻችን ምስሩን በእንጀራ ሲያቀርቡ ሙሉ ነገር ነው ያቀረቡት። ችግሩ ትሪው ላይ ያለው ድርሻ ነው። እንጀራው ገበታውን ሞልቶ ሽሮው መሀል ላይ አንድ ጭልፋ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ስር፣ እና ዘይት። ዘይት! የጾም ወጥ ቁሌቱ በዘይት ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ተጋቢኖው ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣው ስንት ማንኪያ እንደሆነ ቤት ስሰራ ነው ያወቅኩት። እኔ ልቀንስ ብዬ የቀነስኩት እንጀራውንና ጥራጥሬውን ነበር፣ ዘይቱ እንዳለ ቀረ።

እና የገለበጥኩት እሱን ነው። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ስለዚህ አንድ ጭልፋ የነበረውን ሁለት ጭልፋ ተኩል አረግኩት፣ ዘይቱን ለአንድ ድስት በማንኪያ ለክቼ፣ ሽንኩርቱን በውሃ እያበሰልኩ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጠብ አረግበታለሁ። አዚፋ ደግሞ ቁሌት ስለማያስፈልገው የኔ ምግብ ሆነ፣ ድፍን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ። ሎሚው ሌላም ጥቅም አለው፣ የጥራጥሬውን አይረን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲሆን ይከለክላል፣ ከበላሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማረግ ጀመርኩ፣ ለኔ ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው እላችኋለሁ። ፉል በዘይት ሳይሆን በቲማቲምና በሽንኩርት። የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ። ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ቆሎ ነበረ አሁን አሹቅ ነው፣ እማዬ ባቄላውን ቆልታ ነክራ ጨው ነስንሳ በላስቲክ ቋጥራ ትሰጠኛለች። ለውዝም እበላለሁ ግን በእፍኝ፣ ፕሮቲኑ ጥሩ ሆኖ ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ ሳይታወቅ ያልፋል።

ሌላው ነገር አከፋፈሉ ነው። ሙሉውን በአንድ ቁርጥ ማታ ከመዋጥ በየሶስት በየአራት ሰዓቱ ከ20 እስከ 25 ግራም ማዳረስ ይሻላል፣ በተለይ ከሩጫ በኋላ። በፍስክ ቀን ቀላል ነው፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፣ ሶስት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት 26 ግራም ሆነ። ፓውደሩንም ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ውድ ነው፣ ብዙው ደግሞ ከወተት የሚሰራ ስለሆነ ለጾም አይሆንም። ምግቤን ካስተካከልኩ በኋላ አላስፈለገኝም። ለረጅም ጾም ያስፈለገኝ ቢ12 ነው፣ እሱ ከእንስሳት ምግብ ካልሆነ በቀር በበቂ አይገኝም፣ ተመርምሬ ዝቅ ብሎ ስለነበር በሀኪም ትዕዛዝ ወሰድኩ።

እንጀራን ግን ጠላት አላረግኩትም፣ ይሄን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ ምክንያቱም አሁን በየቦታው "ካርቦሃይድሬት ቁረጥ" ነው ወሬው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሀገራችን ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች አመጋገብ ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ልጆቹ ከሚበሉት 64 በመቶው ካርቦሃይድሬት ነው፣ ፕሮቲኑ 12 በመቶ ብቻ። 12 ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ስለሚበሉ በኪሎ ሲሰላ 1.8 ግራም ገደማ ይደርሳል፣ እና የሚበሉት ከሚያወጡት ጋር እኩል ለእኩል ነበር። እኛ ቀጭንነታቸውን እናያለን እንጂ የሚበሉትን አናይም። ሰንዳፋና ሱሉልታ ልምምድ ጨርሰው ሲቀመጡ ትሪ ፊታቸው ሲቀርብ ያየ ሰው ሯጭ የሚራብ አይመስለውም። እኔ የማረገው ከባድ ልምምድ ባለበት ቀንና በዋዜማው እንጀራው ሙሉ ነው፣ ዱብ ዱብ ወይም እረፍት በሆነበት ቀን ግማሹን እቀንሳለሁ፣ ጥራጥሬው ግን በሁሉም ቀን አንድ ነው። የምቀንሰው በቀን 300 ካሎሪ ገደማ ነው እንጂ ከዛ አይበልጥም። የኖርዌይ ስፖርተኞች ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት በሳምንት ከክብደታቸው 0.7 በመቶ የቀነሱት የጥንካሬ ልምምድ እየሰሩ ጡንቻ ሲጨምሩ፣ በእጥፍ ፍጥነት የቀነሱት አልጨመሩም። ለኔ ይሄ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፣ እንደውም ከዛ በታች ነው የሄድኩት። በሳምንት ሁለቴም ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ እና ክብደት አነሳለሁ፣ ሰውነት ጡንቻውን የሚያስቀምጠው ሲጠየቅበት ነው።

የጾሙ ነገር ግን በሂሳብ አላለቀልኝም። እግሬ እየዳነ እያለ የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ታምሜ ስለነበር አልጾምኩም ብዬ ልናዘዝ ነበር። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ያ እስክትታመሚ የጾምሽው ለማን ነበር?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በየጠዋቱ ከጸሎት በፊት ሚዛን ላይ ነበር የምወጣው። ያንን ለራሴ ማመን ከስትሬስ ፍራክቸሩ በላይ አመመኝ፣ ምክንያቱም ጾም ልጅ ሆኜ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ ዳይት አረግኩት።

አምና ሁዳዴ ሲገባ ሚዛኑን አልጋ ስር ከተትኩት። ፕሮግራሙን እንዲህ አረግኩ፣ ሰኞ እስከ አርብ ጠዋት ሩጫ የለም፣ 9 ሰዓት ላይ ከቅዳሴ መውጫ ጋር እኩል እንደሚበሉት ሰዎች ቢሮ ውስጥ ምሳዬን እበላለሁ፣ ጥራጥሬ የበዛበት፣ ከስራ ስወጣ 12 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ሩጫ፣ ከሩጫ መልስ እራት፣ እንደገና ጥራጥሬ፣ ከመተኛቴ በፊት በሶ ጥብጥ ወይ የሱፍ ውሃ። ከባዱ ሩጫ ወደ ቅዳሜ ሄደ፣ ቅዳሜና እሁድ የሰዓት ጾም ስለሌለ ሳልሳቀቅ ሮጬ እንደተመለስኩ እበላለሁ። ህማማት ላይ ሩጫ ሙሉ በሙሉ ተውኩ። ለፋሲካ ሚዛኑን ሳወጣው ግማሽ ኪሎ ብቻ ነበር የወረደው እና ምንም አልመሰለኝም፣ ምክንያቱም በዛው ሳምንት ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ሳልቆም ወጥቼ ነበር።

ከህመሙ በኋላ ስበላ ወደ 71 ተመልሼ ነበር፣ ከዛ በዘጠኝ ወር ውስጥ 67 ገባሁ፣ አሁንም እዛው ነኝ። የወር አበባዬ መብላት ከጀመርኩ በሶስተኛው ወር መጣ፣ ፀጉሬ ዓመት ፈጀበት። ህዳር ላይ በታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ከበፊቱ በስድስት ደቂቃ ፈጥኜ ገባሁ፣ በዛ ሁሉ ህዝብ መሀል። 66 ልግባ አልግባ አላውቅም፣ እንደ ድሮው አያሳስበኝም።

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ከቡድናችን አንዲት ልጅ፣ ገና 23 ዓመቷ ነው፣ በጣም ፈጣን ነች፣ ወደኔ ተጠግታ "እትዬ፣ እንዴት ነው የቀነስሽው? እኔ ጠዋትም ማታም እየሮጥኩ አልወርድም አለኝ" አለችኝ። ጠዋቱ ሞቆ ነበር፣ እሷ ግን ጃኬቷን እስከ አንገቷ ዘግታለች። ስለ ምስር፣ ስለ ግራም፣ ስለ ዘይት ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

"የወር አበባሽ ይመጣል?" አልኳት።

ዝም አለች። ከዛ ቀና ብላ ሳታየኝ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ አይመጣም። ሌሎቹ ቁልቁለቱን ጀምረው ነበር፣ እኛ ቀረን፣ ከኪሴ የእማዬን አሹቅ አውጥቼ እጇ ላይ ቆጠር አድርጌ ሰጠኋት፣ እና በእግራችን ቀስ እያልን ወረድን።